ገሱባ የቀረችው ዋስ

ሳህሊቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፦ ይህች ሴት ሳትጨነቅ ያደረችበት ቀን የለም። ሶዶ ላይ ዝናብ ሲጥል "የኮሌጁ ጣሪያ እንዴት ሆኖ ይሆን?" ትላለች፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ "ታንከሩ ውሃ ይኖረው ይሆን?" ትላለች። ባሏን ገና በወጣትነቷ ፈታለች፤ ልጅም አልወለደች። ሰዉ "ሳህሊቱ ያገባችው ኮሌጁን ነው" እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች፤ ግን እየሳቀችም ጆሮዋ ስልኩ ላይ ነው።

አያቷ ከሰሜን ከጦር ጋር መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ክርስትና ተነሥታ፣ እዚያው አረጀች ማለት ይቻላል። ታዲያ ወላይትኛዋ ከገበያ አያልፍም። ሽንኩርት ትገዛበታለች፣ ሰላምታ ትሰጥበታለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በሳቅ ትሞላዋለች። ክፋት አይደለም። በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው እንዲህ ነው፤ ጎረቤቱን ስሙን ያውቃል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ ቤቱ ገብቶ ግን አይበላም።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ፈረሰና ሳህሊቱ ከታይፕ ችሎታዋ ጋር ቤት ቀረች። ያኔ ነው ሶርሳ የመጣው። ሶርሳ የአረካ ልጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሐሳብ የማያልቅበት ሰው ነው፤ አብዛኛው ሐሳቡ ሳይጣድ ይቀራል እንጂ። ይህኛው ግን ተጣደ። ከሐጂ ኑሪ የጅምላ መደብር በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራየ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ጨረታ ያረጁ የታይፕ መኪናዎች ሰበሰበ፣ "ዳሞታ ጮራ የታይፕ ማሠልጠኛ" ብሎ ሰሌዳ ሰቀለ፣ ሳህሊቱን አስተማሪ አደረጋት። ከታች ጨውና ሳሙና ይራገፋል፤ ከላይ ሲንኳኳ ይውላል። ሐጂ ኑሪ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ቀልዳቸውም ቁጣቸውም አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። "ሳህሊቱ፣ ልጆችሽ አናቴን ቀጠቀጡት" ይሏታል። ግን አላስወጧቸውም።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። የታይፕ መኪናዎቹ ደረጃ ሥር ተከመሩ፤ ሳህሊቱም በአርባ ዓመቷ ማውስ መያዝ ተማረች። ከዚያ የሙያና ቴክኒክ ወሬ አገሩን አጥለቀለቀው፤ አሥረኛ ክፍል የወደቀውም ያለፈውም መጣ፤ ማሠልጠኛው ኮሌጅ ተባለ። ከዚያ ሂሳብ አያያዝ በዲግሪ። ከተማው ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ላይ መሬት ሰጠና ሶርሳ ሕንፃ ጀመረ። አንዱ ፎቅ ሳይለሰን ለሚቀጥለው ብረት ያቆማል። ባለራእይ ይሉታል፤ ሳህሊቱ ግን ከባለራእይ ይልቅ የዕዳ ጓደኛ ነው የምትለው። ሬጅስትራር አድርጎ የሾማት ያኔ ነው። ተማሪ የሚመዘግበው እሷ፣ ተማሪ ፍለጋ ገጠር የሚወርደው እሷ፣ ከፈቃድ ሰጪዎች ጋር ስልክ የሚነጋገረውም እሷ።

አንድ ክረምት ግን ኮሌጁ ሊሞት ነበር። የግል ኮሌጆች ከእንግዲህ መምህር ለማሠልጠን አዲስ ተማሪ አይቀበሉም የሚል መመሪያ ወጣ። የዳሞታ ጮራ ግማሽ ጎኑ መምህርነት ነበር። ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ከእናታቸው ጋር፣ ከወንድማቸው ጋር ለምዝገባ የመጡ ልጆች ከበሩ ተመለሱ። የመለሰቻቸው ሳህሊቱ ናት፤ ሌላ ማን ይመልሳቸው። አንዷ እናት ወላይትኛ እየተናገረች ስታለቅስ፣ ሳህሊቱ የምትለው ቃል አጥታ እጇን ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ነው ፍርሃቱ ሥራ ሆኖባት የቀረው።

ሶርሳ ግን ከወደቀበት ሳይነሣ ሌላ ሐሳብ አለው። "ነርሲንግ" አለ። በየቀበሌው ጤና ጣቢያ እየተሠራ ነው፤ ነርስ ይፈለጋል። ሮጦ ሮጦ ለአንድ ዓመት የሚቆይ ጊዜያዊ ፈቃድ አገኘ። ዓመቱ ሲያልቅ ከአዋሳ ፈቃድ ሰጪዎቹ ይመጣሉ፤ ተማሪው ሲማር መምህሩ ሲያስተምር ያያሉ፤ ወይ ያድሱታል ወይ ይወስዱታል። ከወሰዱት ልጆቹ የሙያ ብቃት ፈተና ላይ አይቀመጡም። የተማሩትም እንዳልተማሩ ይቆጠራል።

ሳህሊቱ ተማሪ ፍለጋ ገሱባ የወረደችው በዚያ ጊዜ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግታ ስትጮህ ዋለችና ወደ ማምሻው አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ገበሬ ሴት ልጁን አስከትሎ መጣ። ቦልቴ ይባላል። አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው።

"ይህቺ ልጄ ናት፣ ፍሬሕይወት። አሥረኛ ጨርሳለች" አለ። "ሽማግሌ ልከውባታል። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። እሷ ግን መማር ነው የምትለው።"

"ታዲያ ትማር እንጂ" አለች ሳህሊቱ።

"ሽማግሌ አንዴ ከመለስኩ ሰዎቹ ይቀየማሉ። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ይሄ ትምህርት ፈቃዱ ሙሉ ነው? መሐል ላይ አይዘጋም?"

ሳህሊቱ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የአባቷን እግር ነው የምታየው። ከበሩ የተመለሱት ልጆች ታወሷት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ምዝገባ ጥቂት መሆኑም ታወሳት፤ ሶርሳ "ሠላሳ ሳይሞላ እንዳትመለሺ" ማለቱም። "ሙሉ ነው፣ አቶ ቦልቴ" አለች አፏን ሞልታ። "በእኔ ይሁንብዎ። እኔ ዋስ ነኝ።"

ቦልቴ ሽማግሌዎቹን መለሰ። ፍሬሕይወት ሶዶ መጣች። ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ እንደ እሷ አልነበሩም፤ መርፌ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ የደም ግፊት ስትለካ ታማሚው ሳያውቅ ያልቃል። ሳህሊቱ ስታያት ደስ ይላታል፤ ወዲያውም ያ "ሙሉ ነው" ያለችው ቃል ትዝ ይላታል።

በሁለት ሺህ አራት ጳጉሜ ላይ ከአዋሳ ስልክ ተደወለ። ድምፁ የሴት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ችኩል ነው። "ለእድሳቱ ቀን ይምረጡልን። መስከረም አጋማሽ አካባቢ ሰው እንልካለን።" ሶርሳ አዲስ አበባ ሌላ ዲግሪ ለማስፈቀድ ደጅ እየጠና ነበር። ሳህሊቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የባንክ ካሌንደር አየች። መስቀል ሐሙስ ይውላል። ሰዉ ሐሙስ ያከብራል፣ ዓርብ ቅዳሜ ያርፋል፣ ሰኞ ትምህርት ይሞቃል። "ሰኞ፣ መስከረም ሃያ አንድ" አለች። ለሶርሳ ደውላ ስትነግረው "ጎበዝ" አላት። እሱም አላሰበበትም፤ ልቡ ዲግሪው ላይ ነበር።

ጥፋቱ እንዲህ ቀላል ነው። በራሷ በዓል ቆጠረች። ወላይታ ግን የራሱ ዘመን መለወጫ አለው፤ ጊፋታ ይባላል፤ በራሱ እሁድ ነው የሚውለው። አንዳንድ ዓመት ከመስቀል ይቀድማል፣ አንዳንድ ዓመት ይከተላል። ሳህሊቱ ጊፋታን አታውቅም አይባልም። የበሬውን ገበያ ታውቃለች፣ የከተማውን ጭር ማለት ታውቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ግን ከመስኮት ሆና ነው ያየችው፤ የትኛው እሁድ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ለምን ትጠይቅ፣ የሚጠራት የለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነርሲንግ ልጆች ትንንሽ ጓዛቸውን አንጠልጥለው ከግቢ ሲወጡ በመስኮት አየች። ለሳምንቱ መጨረሻ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፍሬሕይወት ልትሰናበታት ቢሮ ገባች።

"በሉ እትዬ፣ ደህና ይሰንብቱ።"

"ሰኞ ጠዋት ጋዋንሽን አጥበሽ በጊዜ ነይ። ሰዎቹ የሚመጡት ሰኞ ነው።"

ፍሬሕይወት የቀለደችባት መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቷን አየችና ሳቋን ተወችው። "እትዬ፣ እሁድ እኮ ጊፋታ ነው። ሰኞ ማንም አይመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ማንም አይመጣም።"

ሳህሊቱ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ በር ላይ ቆማ የሻንጣዋን ማንጠልጠያ እያሸች ቀስ ብላ ተናገረች። "እናቴ ልካብኛለች። እነዚያ ሽማግሌዎች ለጊፋታ ተመልሰው ይመጣሉ አለች። ትምህርቱ ካለ አባቴ አሁንም ይመልሳቸዋል። ከሌለ ግን ምን ብሎ ይመልሳቸው? ትምህርቱ አለ አይደል፣ እትዬ?"

"አለ" አለች ሳህሊቱ።

ልጅቷ ስትወጣ ስልኩን አነሣች። አዋሳ ያለችው ጨዋ ሴት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ቀኑን የመረጡት እርስዎ ነዎት፣ እህቴ። መኪና ተመድቧል፣ ባለሙያዎች ተመድበዋል። ጊዜያዊው ፈቃድ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ከሰኞ ሌላ ቀን የለንም።" ሳህሊቱ ለሶርሳ ደወለች። ሶርሳ "ወይ ጉድ" አለ፤ ከዚያ ወዲያው ሐሳብ መጣለት። "የሐጂ ኑሪ ልጆች አሉ አይደል? ዱንያና ሰልሳቢል ጊፋታ አይሄዱም። የሰፈርሽ ልጆችም አይሄዱም። ጋዋን አልብሰሽ አስቀምጫቸው። እኔ እሁድ ማታ እደርሳለሁ።"

ሐጂ ኑሪ ሲነገራቸው አልከፋቸውም። "ውሰጃቸው፤ ነጭ ልብስ ያምርባቸዋል" አሉ። ሳህሊቱ አልወሰደቻቸውም። ከቅድስና አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። ሰዎቹ አንዷን ጠርተው "ነይ ደም ግፊት ለኪ" ቢሏትስ? የሳሙና ዋጋ እንጂ የደም ግፊት የት ታውቃለች። ያኔ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን ኮሌጁ ራሱ ይዘጋል።

ቅዳሜን ስትደውል ዋለች። አረካ ደወለች፣ ሻንቶ ደወለች። ልጆቹ ሁሉ "እሺ እትዬ፣ እሞክራለሁ" ይሏታል፤ ያ "እሞክራለሁ" ምን ማለት እንደሆነ ሬጅስትራር ሆኖ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የገሱባዎቹ ስልክ ጭራሽ አይነሣም። ወደ ማታ ላይ ሐጂ ኑሪ መደብር ሄዳ ዕቃ የሚያመላልሱባትን ፒክአፕ ለመነች። "አንዋር ይውሰድሽ" አሉ። አንዋር ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ መንገድም ወላይትኛም የሚያውቅ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ተነሡ። መንገዱ ላይ ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም፤ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ልጆች የበዓሉን "ዮ ዮ" እየጮሁ ከቤት ቤት ይሮጣሉ። ሳህሊቱ በየጉድጓዱ ስትዘል የምትለውን ትለማመዳለች። "አቶ ቦልቴ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ።" አይሆንም። "አቶ ቦልቴ፣ ትንሽ የቢሮ ጉዳይ ገጥሞን።" ይሄም አይሆንም። አንዋር አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ "ውሃ ትፈልጊያለሽ?" አላት።

የቦልቴ ቤት ከገሱባ ወጣ ብሎ ነው፤ ከኋላው እንሰት፣ ከፊቱ የተጠረገ ሣር። በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ ሦስት ባለነጭ ጋቢ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አየች። የመጡት እነዚያ ናቸው። ፍሬሕይወት ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻትና ቀጥ ብላ ቆመች።

ቦልቴ አላባረራትም። በዓል ነው። "ግቢ" አለ፣ ራሱ በርጩማ አቀረበላት። መሐል ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል፤ ከቅርጫው የደረሰው ሥጋ፣ ዳታ በርበሬው፣ ቆጮው፣ ቅቤው ሁሉ ቀርቧል። ማንም ግን አልጀመረም። ቦልቴ ቢላዋውን ይዞ በሰዎቹ ላይ ዓይኑን አዞረና በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ለእሷ ሲል በአማርኛ ደገመው። "በዚህ ቤት ጊፋታ ሲሆን ሥጋ ከመቆረጡ በፊት እንጠያየቃለን። በሆዱ የያዘው ነገር ያለ፣ የበደለም የተበደለም፣ አሁን ይናገራል። ተናግሮ ይበላል። ሳይናገር የበላ ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይኖራል።"

የቦልቴ አማች ቀድሞ ተናገረ፤ የግጦሽ ጉዳይ ነበር። ቀጥሎ የፍሬሕይወት እናት አንድ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሳቁ። እየዞረ እየዞረ ወደ ሳህሊቱ መጣ። እንግዳ ናት፤ አንገቷን ብትነቀንቅ ያልፋታል፤ ማንም ምንም አይላትም። ሽማግሌዎቹም እዚያው ናቸው። አሁን ከተናገረች ለእነሱ ስጦታ ነው። ልጅቷን ወስዳ፣ ሰኞን አልፋ፣ ኋላ ብትናገር ምናለበት? ይህን ሁሉ አሰበች። የቦልቴ እጅ ቢላዋውን ይዞ ይጠብቃል።

"አቶ ቦልቴ" አለች። "ያን ቀን ገበያው ላይ ፈቃዱ ሙሉ ነው ብዬዎታለሁ። ሙሉ አልነበረም። ጊዜያዊ ነው። ነገ ሊያዩት ይመጣሉ፤ ተማሪ ክፍል ውስጥ ካላዩ ይዘጋል። ነገን የመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ጊፋታ መሆኑን ሳላውቅ። ፍሬሕይወትን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የገባው ለሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ተረጎመላቸው። የፍሬሕይወት እናት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ተናግረሻል" አለ ቦልቴ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ቆረጠና ዳታው ውስጥ ነክሮ በእጁ ሰጣት። "ብዪ።"

በላች። ተበልቶ ሲያበቃ ትልቁ ሽማግሌ በወላይትኛ ተናገረ። ቦልቴ አዳምጦ ወደ እሷ ዞረ። "ልጅ በጊፋታ ከቤት አይወጣም ይላል። ደግሞም የሚዘጋ ትምህርት ምን ያደርጋል ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ዋስ ነኝ ብለሽኛል።"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ዋስ ሁኚ። ፍሬሕይወት ነገ ትሄዳለች። አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ። እሷ ተመልሳ የሆነውን እስክትነግረኝ ከዚህ ቤት አትወጪም። እናንተም" አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "ነገ እስኪመሽ ጠብቁኝ።"

ሳህሊቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት። "አቶ ቦልቴ፣ ነገ እኔ ከሌለሁ እኮ ማን ይቀበላቸዋል? ማኅደሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው። መምህራኑን ማን ይሰበስባል?"

"ዋስ ይቀመጣል" አለ ቦልቴ። "ዋስ የሚሮጥ ከሆነ ዋስ አይደለም።"

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ፍሬሕይወት ጋዋኗን አጥፋ ይዛ ከአንዋር ጎን ተቀመጠች። ሁለት የጎረቤት ልጆችም፣ እነሱም ተማሪዎች ናቸው፣ የእሷን መሄድ አይተው ከኋላ ተሳፈሩ። ሳህሊቱ በመስኮቱ በኩል ቁልፉን፣ የማኅደሩን ቦታ፣ የመምህራኑን ስም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ልጅቷ "ገባኝ፣ እትዬ" ብቻ ትላለች። መኪናው ሄደ። ዳገቱን እስኪወጣ ቆማ አየችው።

ያ ቀን! በሕይወቷ እንደዚያ የተቃጠለች አይመስለኝም። ስልኳን ይዛ ኮረብታው ላይ ወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ወረደች፤ እንደገና ወጣች፤ የለም። የፍሬሕይወት እናት እጇን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት፤ ቆጮ በቅቤ አቀረበችላት፤ በእጇ ምልክት "ብዪ፣ ብዪ" ትላለች። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ አልፎ አልፎ ያዩዋታል። በክፋት አይደለም፣ ደስ የሚል ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ነው። አሁን መኪናዋ አረካ መንገድ ላይ ደርሳለች፣ ትላለች ሳህሊቱ በሆዷ። አሁን ሰዎቹ ወረዱ። አሁን ሶርሳ ከረባቱን እያስተካከለ ነው፤ ክፍሉን ከፍቶ ባዶ ወንበር ያያል። አሁን "ሬጅስትራሯ የታሉ?" አሉ። ምን ይላቸዋል? ገሱባ መያዣ ሆና ተቀምጣለች ይላል? ሳትወድ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ደግሞ ወዲያው ወደ እንባ ሊሄድባት ሲል ዋጠችው። የፍሬሕይወት እናት አይታታለች። መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ከዚያ በኋላ አልተለየቻትም።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። አባራ። ጥላው ረዘመ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ አንደኛው ወደ ቦልቴ ጠጋ ብሎ ፀሐይዋን አሳየው። ቦልቴም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው የፒክአፗ ድምፅ ከዳገቱ የመጣው።

ፍሬሕይወት ጋዋኗን እንደለበሰች ወረደች፤ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል። አባቷ ፊት ቆመች። ማንም አልጠየቃትም፤ ሁሉም አፏን ያያል።

"መጡ" አለች። "ክፍሉ ውስጥ እኛ ሦስታችን፣ ከሻንቶ ደግሞ ጥቂት ልጆች ነበርን። የቀረው ወንበር ባዶ ነው። ሴትዮዋ ጠራችኝና ደም ግፊት ለኪ አለችኝ፤ የጋሽ ሶርሳን ለካሁ። በጣም ከፍ ብሏል።" አንዋር ከመኪናው ጎን ሆኖ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ብዙ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ተነጋገሩና 'ባዶ ወንበር አናድስም' አሉ። ግን አልዘጉትም። ጊዜያዊውን እስከ ኅዳር አራዘሙት። ኅዳር ላይ ሳይናገሩ ተመልሰው ይመጣሉ።"

"ኅዳር ላይ ይታደሳል?" አለ ቦልቴ።

"አልነገሩንም።"

ቦልቴ ወደ ሳህሊቱ ዞረ። ሽማግሌዎቹም ዞሩ። "አንቺ ሥራሽ ነው። አንቺ ንገሪኝ። ይታደሳል?"

ሳህሊቱ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ መልሱም አፏ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለወላጅ ሁሉ የሰጠችው መልስ ነው፤ ሐጂ ኑሪ ቤት ፎቅ ላይ ሆና፣ ገበያ መሐል ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ስልክ ላይ። "ይታደሳል፣ በእኔ ይሁንብዎ።" ካለች ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ካላለች ልጅቷን አጣቻት። ፍሬሕይወትን አየቻት፤ ልጅቷ ዛሬ አንገቷን አልደፋችም፣ ዓይን ዓይኗን ነው የምታያት።

"አላውቅም" አለች ሳህሊቱ።

ትልቁ ሽማግሌ ተርጓሚ አላስፈለገውም። ምርኩዙን ይዞ ሊነሣ ዳዳ፤ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቷ ለእነሱ ሆነች ብሎ ነው። ሳህሊቱም እንደዚያው መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

"ሰማችሁ?" አለ ቦልቴ። መጀመሪያ በአማርኛ አለው፤ ከዚያ በወላይትኛ ቀጠለ፤ አንዋር ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ተረጎመላት። "አላውቅም ብላለች። እኔም አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ኅዳር ካለፈ በኋላ ኑና ያኔ እንነጋገራለን።" ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተቀይመዋል፤ ግን በበዓል ቀን ቅያሜ አይታይም። ተመራርቀው ሄዱ።

ቦልቴ ሳህሊቱን እስከ ግቢው በር ሸኛት። "ያን ቀን ገበያ ላይ አላውቅም ብትዪኝ ኖሮ ልጄን አልሰጥሽም ነበር" አላት። ቁጣ የለበትም፤ እውነቱን ነው የነገራት። "በዓሉ ሲያልቅ እልካታለሁ።"

መኪናው ጋ ያደረሰቻት ፍሬሕይወት ናት፤ ቅቤና ቆጮ የተጠቀለለበትን ቅጠል ተሸክማ። ከኋላ አስቀመጠችላትና በሩን ይዛ ቆመች።

"እትዬ፣ እውነት አያውቁም?"

"እውነት አላውቅም፣ ልጄ።"

"አባቴ ልጄን አልሰጥሽም ነበር አለዎት አይደል" አለች ፍሬሕይወት። "እኔ ግን ያኔም አላውቅም ቢሉኝ እመጣ ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ።"

በሩን ዘጋችላት። አንዋር ሞተሩን አስነሣ። ሳህሊቱ ወደ ሶዶ ዞራ ተቀመጠች።